ሲሸተት መተንፈስ ክልክል ነው

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባ በአምስተኛው ቀን

ሥራ አስኪያጁ እያንዳንዱ ክፍል የዕለት መዝገብ ይያዝ ብሎ አዟል። ያዝኩለት። እዚያ ውስጥ የሙቀት መጠን፣ የእርጥበት መጠንና «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይሄኛው ደብተር ግን የራሴ ነው። ፍራሼ ሥር ይቀመጣል፤ እውነት ብቻ ይጻፍበታል።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው። በዚህ የአይብ ፋብሪካ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሉኛል፤ ዞር ስል «አፍንጫ» ነኝ። የምድር ቤቱ ኃላፊ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት አይባችን እዚያ ታች አራት ወር ይተኛል፤ ክብ ስለሆነ «ጎማ» እንለዋለን። ከመሸጡ በፊት እያንዳንዱ ጎማ ሆዱ ክፍት በሆነ ቀጭን ብረት ይሰረሰራል፣ ብረቱ አፍንጫዬ ሥር ይመጣል፣ እኔም ከሦስት ቃል አንዱን እናገራለሁ፦ ይለፍ፣ ይቆይ፣ ይውጣ። ማኅተሙ አንገቴ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እሱ ሳያርፍበት አንድ ጎማ ከበር አይወጣም። ከዚህ ባነሰ ሥልጣን ዙፋን ላይ ተቀምጠው የሞቱ ነገሥታት ነበሩ።

ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሕግ አለ፦ «ሲሸተት መተንፈስ ክልክል ነው»። ሕጉ እኔን አይመለከትም፣ ሌላውን ነው። የሰው የምሳ ትንፋሽ ከአይብ ጠረን ጋር ሲቀላቀል ፍርድ ይዛባል።

ዘንድሮ ሁለት መቶ አርባ ጎማ ፍርዴን እየጠበቀ ነው። የገዢው መኪና የሚመጣው በአራተኛው ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ ማኅተሙ እኔ ጋ ይቆይ ወይስ ወደ ማሽን ይዛወር የሚለውን ሥራ አስኪያጁ ይወስናል። ማሽኑን ያመጣችው ማን እንደሆነች ነገ ከነገ ወዲያ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ደሜ እንዲፈላ አልፈልግም።

ጉንፋኑን በተመለከተ፦ ለቆኛል። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጣለኝ፣ ድኛለሁ። ፍጹም ድኛለሁ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰባተኛው ቀን

ወተት አረረ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ባሌ ከጓዳ ሮጦ መጣ።

«አንቺ ሴት! ድስቱ አመድ ሆነ እኮ፣ አይሸትሽም?»

የዘንድሮ ድስት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም አልኩት። ባሌ ሰዓት ሠሪ ነው፤ የቆመ ነገር ሲያይ ጆሮውን አስጠግቶ ማዳመጥ ልማዱ ነው። ትንሽ እንደዚያ አድርጎ አየኝ።

ቅዳሜ፣ አሥረኛው ቀን

የእህቴ ልጅ ለምሳ መጣች። ማሽኑን ያመጣችው እሷ ናት። ይህችን ልጅ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ በስድስት ዓመቷ የኮመጠጠ ወተት ከጥሩው በጠረን መለየት አስተምሬያታለሁ። ተማረች፣ ተማረች፣ ኬሚስት ሆነች። አሁን ፋብሪካው ፎቅ ላይ ላቦራቶሪ ከፍታ፣ ማቀዝቀዣ የሚያክል ማሽን ተክላ፣ አይብ ውስጥ ያለውን ሁሉ በወረቀት ላይ አወጣለሁ ትለናለች።

«አክስቴ፣ ሻጋታ የሚሠራውን ሁሉ ለእኛ ብሎ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ጎረቤት አይወድም። አጠገቡ ሌላ እንዳይበቅል ኬሚካል ያመርታል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ፔኒሲሊን ሆነ። ሌላውን ደግሞ የሰው ኩላሊት ለተተከለለት ሕመምተኛ ይሰጡታል፣ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጣላ። ሌላው ጉበት ይጨርሳል። ሁሉም የሻጋታ ሥራ ነው።»

«ለቀባሪው አረዱት» አልኳት።

«ጎረቤት የማይወድ፣ ግዛቱን በጠረን የሚያጥር ፍጡር» አለችና ባሌን ጠቀሰችው። ባሌ ሳቁን ዋጠ። ማንን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።

«ከምር ነው አክስቴ። የእኛ ሰማያዊውም ቢሆን ትንሽ ትንሽ መርዝ ይሠራል፤ ግን አይቡ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይለወጣል። እኔ የምፈራው በእርጥበት የሚገባውን ባዕድ ነው። የእሱ መርዝ አይሸትም፣ አይመርም። ቀስ ብሎ ነው ሰው ውስጥ የሚሠራው።»

«እና ማን ይለየው?»

«ወይ ማሽኑ፣ ወይ አንቺ። መርዙ ባይሸትም ሻጋታው ሌላም ነገር ያመርታል፤ እርጥብ አፈር አፈር የሚል። ጥሩ አፍንጫ ገና ከደረጃው ላይ ያውቀዋል።»

«ጥሩ አፍንጫ» ስትል አንገቴን ቀና አደረግኩ። እውቅና ሲመጣ ማመስገን ነው። ከዚያ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና ቆመች። «አክስቴ፣ ጨው አልበዛም?» ሦስታችንም ውኃ ጠጣን።

ሰኞ፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ስርሰራ ተጀመረ። እኔ ብረቱን፣ ብሩሽ መብራቱን ይዘናል። ብሩሽ የምላት ጎማዎቹን በጨው ውኃ የምትቦርሸውን ሴት ነው። አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ ናት፤ በእጇ ብሩሽ የሌለበትን ቀን አላየሁም፤ ሠርጓ ላይም ሳትይዝ አልቀረችም።

ዘንድሮ አይቡ ዝምተኛ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ያጋጥማል። ወተቱ ይሆናል፣ ላሞቹ አዝነው ይሆናል። ብረቱን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ እጠብቃለሁ፣ እሱም ይጠብቃል፣ ተፋጠን እንቆያለን።

ስለዚህ አዲስ አሠራር ዘርግቻለሁ። ልምድ ካላት ባልደረባ ፊት ጋር መማከር። ብሩሽ መብራቱን ይዛ ጎማው ላይ ጎንበስ ብላ ነው የምትቆመው፤ ጠረኑ ከእኔ እኩል ይደርሳታል። ዓይኗ ከፈጠጠና የአንገቷ ሥር ከተገተረ፦ ይቆይ። ፊቷ ሰላም ከሆነ፦ ይለፍ። ይህ መስረቅ አይባልም፤ የሥራ አመራር ይባላል። በሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ቡድን ሥራ አስተምረውናል።

ሃያ ሁለት ጎማ አየን። አሥራ አራቱ አለፉ። «ይውጣ» ያልኩት የለም፤ ጥሩ ዓመት ነው።

ሐሙስ፣ አሥራ አምስተኛው ቀን

በምሥራቁ ክፍል ጣሪያ ላይ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቷል፤ «መጣሁ» ብሏል። «መጣሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ብሩሽ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። «እትዬ፣ የምሥራቁ ክፍል አዲስ የተቆፈረ መቃብር መቃብር አይልም?»

«የጥሩ ምድር ቤት ጠባይ ነው።»

«እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

ብሩሿን ባልዲው ውስጥ ነክራ ሄደች። አሥራ አምስት ዓመት አንድ ነገር ሦስቴ ጠይቃኝ አታውቅም።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ስለ አፈር የሆነ ነገር ተናግራ ነበር። ምን እንደነበር ጠፋኝ።

እሑድ፣ አሥራ ስምንተኛው ቀን

ባሌ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት መብላት ጀመረ። ለደም ግፊት ታዞልኝ ነው ይላል።

ለማያውቅ ሰው፦ በትዳራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ ነጭ ሽንኩርት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በአንድ አልጋ ላይ አልተኛም። አንዴ ሠርግ ቤት ውስጥ በስህተት ቀምሶ ሦስት ሌሊት ሶፋ ላይ አድሯል።

ዛሬ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሦስት ፍንካች ላጠ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ሲጨርስ ጠጋ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ቅር ያለሽ ነገር የለም?»

«ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይታገሣል።»

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ልጣጩን በእጁ ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወንድ ልጅ ነፃነት ሰጥተውት እንኳ አያመሰግንም።

ማክሰኞ፣ ሃያኛው ቀን

ቸኮልኩ። ዛሬ ሠላሳ ጎማ። የፈጠጠ፦ አሥራ ሦስት። ያልፈጠጠ፦ አሥራ ሰባት። ማኅተሙ አውራ ጣቴን ላጠው። የቧንቧ ሠራተኛው አልመጣም። ምሳ በላሁ። ምን እንደበላሁ የሚያውቀው ሹካው ነው።

ዓርብ፣ ሃያ ሦስተኛው ቀን

ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ አመሰገነኝ። «ዘንድሮ አንድም ይውጣ የለም! ማሽን ምን ያደርጋል፣ እርስዎ እያሉ?» አለ። ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግኩ፤ ትሕትና ያምርብኛል።

ማታ ቤት ውስጥ የጥራት ቁጥጥር አካሄድኩ። ሳሙና፦ ጠረን የለውም፤ ፋብሪካው አጭበርብሯል። ነጭ ጋዝ፦ ጠረን የለውም፤ ነጋዴው ውኃ ቀላቅሎበታል። ኮምጣጤ፦ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ከዚያ በቀር ምንም። የባሌ ካልሲ፣ ከሥራ የተመለሰበት፦

ካልሲውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በዚህ ዘመን አጭበርባሪው በዛ።

ማክሰኞ፣ ሃያ ሰባተኛው ቀን

ተፈጸመ። ሁለት መቶ አርባውም ታየ። መቶ ሠላሳ አንዱ ማኅተም አርፎበታል፣ መቶ ዘጠኙ ይቆያል። መኪናው ቅዳሜ።

የእህቴ ልጅ ትናንሽ ብልቃጦች በሣጥን ይዛ ወረደች። «ከየጎማው ፍርፋሪ ብቻ ስጪኝ። ይህን ያህል» ብላ የጥፍሯን ጫፍ አሳየችኝ።

«ማኅተም ያረፈበትን ጎማ ልትበሺ?»

«በምሥራቁ ግድግዳ ያሉትን ብቻ እሺ! ቧንቧው ሥር ያሉትን። አክስቴ፣ እርጥብ ነው እኮ፣ ግድግዳው ያልባል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ታሞብኛል? ሆዱን የቆረጠው አለ? አፍንጫሽን ላሺና ወደ ማሽንሽ ውጪ!»

ሣጥኗን ዘጋች፣ ደረጃው ሥር ስትደርስ ዞር አለች። «አክስቴ፣ ዛሬ ሽቶ ተቀብቼ ነው የወረድኩት። ግማሽ ጠርሙስ። ድሮ ሽቶ የነካውን ሰው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ነበር የምትመልሺው።»

ሄደች። በዚህ ወር ሰው ሁሉ ለእኔ ፈተና ማዘጋጀት ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ልጅቷን እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። የኮመጠጠውን ወተት ስትለይ እያጨበጨበች ትስቅ ነበር። ለማንኛውም ብሩሽ አለች። የብሩሽ አፍንጫ ደህና ነው፤ የብሩሽ ፊት አይዋሽም።

ሐሙስ፣ ሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ቀን ላይ

ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ። ገርበብ ብሏል። የእህቴ ልጅና ብሩሽ ውስጥ ናቸው። በሩን ልገፋው እጄን ዘርግቼ ሳለ ነው የሰማሁት።

«እርስዎ አጠገቧ ነዎት እኮ። ሲሰረሰር ለእርስዎ ምን ሸተተዎት?»

«እኔን?» ብሩሽ ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆመው! ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አላየሽም? በአሥራ አምስት ዓመት አንዲት ጎማ ስትሰረሰር ተንፍሼ አላውቅም። ዘንድሮማ ልትገድለኝ ነው። ድሮ ዓይን እስኪርገበገብ ነበር የምትፈርደው። አሁን ብረቱን ይዛ ትቆያለች፣ ትቆያለች… አንዳንዱ ላይ ዓይኔ ሊወጣ ይደርሳል፣ አንገቴ ይወጠራል። አንድ ቀን ጎማው ላይ ድፍት እላለሁ ብዬ ፈርቼያለሁ።»

በሩን አልገፋሁትም።

ያው ቀን፣ ማታ

እውነት ብቻ ይጻፍበታል ብያለሁ፤ ደብተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ይጻፍ።

ብሩሽ ያፈጠጠችው ብዙ በቆየሁበት ጎማ ላይ ነው። ብዙ የቆየሁት ግራ በገባኝ ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳማክር የነበረው የብሩሽን አፍንጫ አይደለም፤ የራሴን ግራ መጋባት ነው፤ እሷ ፊት ላይ እያነበብኩ። ሕጉን የጻፍኩት እኔ፣ ያፈንኳት እኔ፣ ባፈንኳት የፈረድኩት እኔ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል፤ እኔ ግን ማኅተምም ጨምሬበታለሁ።

አይሸተኝም። ይኸው። ከጉንፋኑ ጀምሮ ምንም። ሳሙናውም ደህና ነው፣ ነጋዴውም ጋዙ ላይ ውኃ አልጨመረም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም ማለትም አለ። መኪናው ቅዳሜ ይምጣ፣ ይጫን፣ ይሂድ። መርዙ እንደሆነ አይሸትም፣ አይቸኩልም። አንድ የማላውቀው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎኑን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ማንም «ያንን አይብ ማን አሳለፈው?» አይልም። ማሰቡን አስቤዋለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሻይ አፍልቼ፣ ሻዩ ሙቅ ውኃ ብቻ ሆኖ፣ እየጠጣሁ አሰብኩት።

ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ያ ማኅተም በቁሙ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በሰው ጉበት ላይ አልታተምም።

አፍንጫዬ ቢሞትም አፌ አልሞተም። ነገ ይናገራል።

ዓርብ፣ ሠላሳኛው ቀን

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ሥልጣን የሚለቅ ሰው አያንኳኳም።

«የነገው መኪና ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል እትዬ? ማኅተም አርፎበታል እኮ!»

«ያሳረፍኩት እኔ ነኝ፤ የማነሣውም እኔ ነኝ።»

«ምክንያቱስ?»

«አልሸተተኝም።»

«መጥፎ ነገር ካልሸተተዎት ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ጥሩውም አልሸተተኝም። ከዝናቡ በፊት ጀምሮ ምንም አልሸተተኝም። አሁን እርስዎ እየተቃጠሉ ቢሆን የማውቀው ጢሱን ሳይ ነው።»

ሰውዬው ሳያስበው እጅጌውን አሸተተ። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሣ። ጥቂት ከተቆጣ በኋላ ስልኩን አነሣና ለገዢው «የቴክኒክ ችግር» ብሎ ነገረው። የቴክኒክ ችግሩ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

የእህቴ ልጅ ተጠራች። «ብዬሽ ነበር» ትላለች ብዬ መልሱን እስከ ነጥቡ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ሣጥኗን ብቻ ይዛ፣ «ከየት ልጀምር?» አለችኝ።

«ከምሥራቁ ግድግዳ፣ ቧንቧው ሥር» አልኳት፣ ሳላስብ። ያን ያህል ቶሎ መመለሴ ራሴን አሳፈረኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» ያልኳት ደረጃው ላይ ነው፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ስለነበር ቀለለኝ።

«ሽቶው ውድ ነበር አክስቴ» አለች ሳትዞር። «ትተኪልኛለሽ።»

ረቡዕ፣ ሠላሳ አምስተኛው ቀን

ማሽኑ አምስት ቀንና ሌሊት አልተኛም፤ እሷም እንደዚያው። ወረቀቱ ወጣ።

ካሳለፍኳቸው መቶ ሠላሳ አንድ ጎማዎች አሥራ ዘጠኙ ውስጥ የባዕዱ ሻጋታ መርዝ ተገኝቷል። አሥራ ዘጠኙም ከምሥራቁ ግድግዳ። ይቆይ ካልኳቸው መቶ ዘጠኝ ውስጥ ደግሞ መቶው እንከን አልተገኘባቸውም፤ የቀሩት ዘጠኝ ተጥለዋል። ለታሪክ ያህል አንድ ነገር መመዝገብ እወዳለሁ፦ ካሳለፍኩት ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ትክክል ነበር፣ በማይሸት አፍንጫ! ይህን የሚያህል ውጤት ስንቱ ባለሥልጣን በሙሉ ጤንነቱ አያመጣም። አሥራ ዘጠኙን ግን በገዛ እጄ ወደ ማቃጠያው ገፋኋቸው። እያንዳንዱን ስገፋ ማኅተሜ ያየኝ ነበር።

የቧንቧ ሠራተኛው ዛሬ መጣ። «የት ነው የሚያንጠባጥበው?» አለ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አላነሣም፣ መፍቻውን ግን አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ስለ አንቺ አፍንጫ ለአንቺ ማን ተናግሮ ያውቃል? እንድትቆጪኝ ነበር የምበላው። በየሁለት ቀኑ አንድ ፍንካች እየጨመርኩ፣ ዛሬ ትጮህብኛለች፣ ነገ ትጮህብኛለች እያልኩ። አሥራ አንድ ደረስኩ። ጨጓራዬ አለቀ፤ አንቺ ዝም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ሰው አየሁት። ከዚያ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«አንተ ሰው! በዚህ አፍህ ነው አጠገቤ የምትቀመጠው? ውጣልኝ! ዛሬ አዳርህ ሶፋ ላይ ነው!»

ምንም አልሸተተኝም። ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በራ። ትራሱን አቅፎ፣ እያፏጨ፣ ወደ ሶፋው ሄደ።

ሰኞ፣ አርባኛው ቀን

ተወሰነ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጎማ በአፍንጫም በማሽንም ያልፋል። የማሽኑ ኃላፊ የእህቴ ልጅ ናት። ስለ አፍንጫው ሥራ አስኪያጁ «ማንን እንቅጠር?» ሲለኝ፣ «መቃብር መቃብር ይላል ብላ የነገረችኝን» አልኩት።

ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ በነጭ ቀለም ደለዝኩት። አዲሱ ዙር ከምዕራቡ ክፍል ወጣ። መብራቱን እኔ ያዝኩ፣ ብረቱን ብሩሽ ያዘች። በመጀመሪያ ባልዲሽን አስቀምጪ አልኳት፤ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት።

ሰረሰረች። ብረቱን አፍንጫዋ ሥር አደረገች። ቆየች። ቆየች። ከዚያ በጎን አየችኝ።

«እትዬ! ዓይንዎ ፈጠጠ እኮ። ይተንፍሱ እንጂ፣ ሕጉን ራስዎ አይደሉ የደለዙት?»

ትንፋሼን የያዝኩት ስለ ሕግ አልነበረም። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ብረቱን አመለከትኳት፦ ሥሪ።

እንደገና አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ይውጣ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በወፍራሙ፦ «ይውጣ!»

የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። (ማሽኑ ይህንኑ ለመናገር እስከ ማታ ፈጀበት።)

መብራቱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ማኅተሙን ከአንገቴ አወጣሁ፣ አንገቷ ላይ አጠለቅኩት፣ ገመዱን አስተካከልኩላት። ከዚያ ተነፈስኩ።